የወንጀል ድራማ በአዲስ ምዕራፍ ሲመለስ ተመልካቹን የሚያስከፋው ምንድን ነው?

አንድ የወንጀል ድራማ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት ዕረፍት በኋላ በአዲስ ምዕራፍ ሲመለስ፣ የመጀመሪያው ክፍል ታይቶ ሳያልቅ ፍርዱ ይሰማል። «ቀዝቅዟል»፣ «ያለፈው ይሻል ነበር»፣ «ታሪኩን ጎተቱት»፣ «እስቲ ትንሽ ታገሱት» የሚሉ አስተያየቶች በአንድ ምሽት ይከማቻሉ፤ በማግስቱም በሥራ ቦታና በባጃጅ ውስጥ ይቀጥላሉ። እነዚህን አስተያየቶች አብዛኛውን ጊዜ የምንወስዳቸው ስለ ሥራው ጥራት እንደተሰጡ ምስክርነቶች ነው። እኔ ግን ድሬዳዋ ውስጥ ከጎረቤቶቼ ጋር ተከታታይ ድራማ እያየሁ በቆየሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት፣ በመጀመሪያው ምሽት የሚሰማው ቅሬታ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ደባልቆ የያዘ መሆኑን ነው። አንደኛው የዕዳ ቅሬታ ነው፤ ባለፈው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ጥያቄ ቶሎ ስላልተመለሰ የሚሰማ ነው። ሁለተኛው የእውነት ቅሬታ ነው፤ «ይህ ነገር እንዲህ አይሆንም» የሚል፣ ከኑሮ ልምድ የሚመነጭ ነው። የመጀመሪያው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ክፍል ይረሳል፤ ሁለተኛው ግን ድራማው ካለቀ በኋላም ይነሳል። የሚያሳስበኝ፣ ድራማ ሠሪዎቻችን የሚደነግጡት በብዛት በመጀመሪያው መሆኑ ነው።

የወንጀል ታሪክ ከሌላው ዓይነት ታሪክ የሚለየው ተመልካቹን አበዳሪ ስለሚያደርገው ነው። የፍቅር ወይም የቤተሰብ ድራማ ሲቋረጥ ተመልካቹ ገጸ ባሕርያቱን ይናፍቃል፤ የወንጀል ድራማ ሲቋረጥ ግን ከናፍቆቱ በላይ ያልተዘጋ መዝገብ ታቅፎ ይቀራል። ማን ገደለው? ማን አዘዘ? ገንዘቡ የት ገባ? በዕረፍቱ ወራት ተመልካቹ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ከወዳጆቹ ጋር እየተከራከረ ተጠርጣሪ ይመርጣል፣ ያለፉትን ክፍሎች እያስታወሰ ማስረጃ ይለቅማል፣ በመጨረሻም የራሱን መልስ ይሠራል። ስለዚህ አዲሱ ምዕራፍ ሲከፈት ደራሲው የሚወዳደረው ካለፈው ሥራው ጋር ብቻ ሳይሆን ተመልካቹ በልቡ ከደረሰው ታሪክ ጋርም ነው። በዚህ ውድድር የመጀመሪያውን ምሽት ማሸነፍ በጣም ከባድ ነው።

ዕዳውን በመጀመሪያው ምሽት አለመክፈል ግን በራሱ ጥፋት አይደለም። «ዳላስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 1980 ምዕራፉን የዘጋው ዋናው ገጸ ባሕርይ ጄ. አር. ማንነቱ ባልታወቀ ሰው በጥይት ሲመታ አሳይቶ ነበር። የተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ ተጨምሮበት አዲሱ ምዕራፍ የተከፈተው በኖቬምበር ነው፤ ተኳሹ ማን እንደሆነ የታወቀው ደግሞ በመክፈቻው ሳይሆን ኖቬምበር 21 ቀን በተላለፈው አራተኛ ክፍል ነው። ያንን ክፍል በአሜሪካ ብቻ 83 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቶታል። ደራሲዎቹ መልሱን ቢያዘገዩም ጥያቄውን አልተዉትም፤ በመካከል ባሉት ክፍሎች ጥርጣሬውን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እያዛወሩ ዕዳው እንዳለ በየጊዜው አስታወሱ። ተመልካች መዘግየትን ይታገሳል፤ የማይታገሰው ዕዳው የተካደ ሲመስለው ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ ገጽታ አለው። እኛ የአማርኛ ድራማ ተመልካቾች ያደግነው በምዕራፍ ዕረፍት አይደለም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይቀርብ የነበረው «ሰው ለሰው» ሳምንት ቆጥሮ የሚመጣ፣ ለዓመታት የዘለቀ ታሪክ ነበር፤ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀም በተንኮሉና በክፋቱ ከአንድ ሳምንት ወደ ሌላው አብሮን ይሻገር ስለነበር ልንረሳው ጊዜ አልነበረንም። ከዚያም በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። በአማርኛ ድምፅ ተመልሶ የቀረበው «ጥቁር ፍቅር» ራሱ በወንጀል የሚከፈት ታሪክ ነው፤ የአንድ ፖሊስ እጮኛ ከአንድ ባለጸጋ ጋር መኪና ውስጥ ተገድላ ትገኛለች፤ ፖሊሱና የባለጸጋው ልጅም የግድያውን ምስጢር ሲፈልጉ ይቀራረባሉ። በቱርክ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ እየወሰደ በሳምንት አንዴ ይቀርብ የነበረው ታሪክ እዚህ በአጫጭር ክፍሎች ተቆራርጦ መጣ። የድሬዳዋ እናቶች የምሽት ሥራቸውን በእሱ ሰዓት ልክ ያስተካክሉ እንደነበር የማያስታውስ የለም። በዚህ ዓይነት የለመደ ተመልካች አሁን «ምዕራፍ 1 ተጠናቀቀ፣ በቅርቡ እንመለሳለን» ሲባል ዕረፍቱን እንደ አሠራር ሳይሆን እንደ መከዳት ነው የሚቀበለው። በመክፈቻው ክፍል ላይ ከሚወርደው ወቀሳ ግማሹን ያመጣው ይህ ልማድ ይመስለኛል።

ሁለቱ ቅሬታዎች ጎን ለጎን ሲሰሙ ያየሁት ለገሃሬ አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ሙቀቱ በረድ ሲል ቴሌቪዥኑ ወደ በረንዳው ይወጣል፤ ገመዱ በመስኮት ያልፋል፤ ቬንቲሌተሩ ከኋላ ይተከላል። የቤቱ ልጅ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ላይ የተመሠረተውን «ዘ ዋየር» የተባለ ድራማ በፍላሽ አስገልብጦ አምጥቶ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አይተን ጨርሰን ነበር። ወደ አማርኛ ስላልተተረጎመ ልጁ ራሱ ከማያ ገጹ አጠገብ ተቀምጦ ይተረጉማል፤ ለእኛ በአማርኛ፣ ለአያቱ በኦሮምኛ፣ አንዳንዴ ደግሞ አረፍተ ነገሩን በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሰዋል። ድራማውን የፈጠረው ዴቪድ ሳይመን በዚያችው ከተማ የጋዜጣ ዘጋቢ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የመጀመሪያው ምዕራፍ ዕፅ የሚሸጡ የአንድ ሰፈር ወጣቶችንና የሚከታተሏቸውን ፖሊሶች ይተርካል። ጁን 1 ቀን 2003 የተከፈተው ሁለተኛው ምዕራፍ ግን ያንን ሰፈር ወደ ዳር አድርጎ ወደብ ላይ ይወርዳል። ዋናው መርማሪ በቅጣት ወደ ወደብ ጥበቃ ጀልባ ተዛውሯል፤ ከዚህ በፊት አይተናቸው የማናውቃቸው ጫኝና አውራጆች፣ የሠራተኛ ማኅበራቸው መሪና ኮንቴነር የሚቆጣጠሩ ሰዎች ታሪኩን ይረከባሉ።

በወጣበት ጊዜ በአሜሪካ ብዙ ተመልካች በዚህ ለውጥ ቅር ተሰኝቶ ነበር፤ በእኛ ግቢም ያው ሆነ። «አቦ! እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ? የእነዚያ ልጆች ነገርስ?» አለ ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላም ተነሥቶ ሄደ። ሌሎቹም ስልካቸውን አወጡ። ይህ የዕዳ ቅሬታ ነበር፤ ተገቢም ነበር፤ ባጃጅ ነጂው አንድ ወር ሙሉ ሲከራከርላቸው የቆየው ሰዎች ዕጣ ሳይነገረው ነው የማያውቃቸው ሰዎች የቀረቡለት።

ከበረንዳው ማዶ ግን ረጅም ዘመን ትራንዚተር፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ሆነው የሠሩ፣ ከድሬዳዋ ደረቅ ወደብ እስከ ጅቡቲ ያለውን መንገድ እንደ ቤታቸው የሚያውቁ ጎረቤታችን ወንበራቸውን ወደፊት አስጠጉ። የወደቡ ጠባቂ ፖሊስ በኮንቴነሮቹ መካከል ስትዘዋወር የአንዱ ማሸጊያ ተሰብሮ ታገኛለች። ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ከእኛ መካከል ትኩረት የሰጠው አልነበረም። እሳቸው ግን «ቆይ፣ ቆይ፣ መልሰው» አሉ ልጁን። ከዚያም ስለ ማሸጊያው ያስረዱን ጀመር፤ ቁጥሩ ከወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር መመሳከር እንዳለበት፣ እሽጉ ከተሰበረ በማን ፊት እንደተሰበረ የሚጠየቅ ሰው መኖር እንዳለበት፣ ያ ሰው ከሌለ ደግሞ ዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ ከመጠየቅ በፊት ማን ዝም እንዳለ መጠየቅ እንደሚገባ። «ይኼን የጻፈው ሰው ወደብ ቆሞ ያየ ነው» አሉ። የመክፈቻ ክፍል ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሊያገኝ አይችልም። ድራማውን ለመጨረስ የወሰኑት በዚያች ማሸጊያ ምክንያት ነው፤ ባጃጅ ነጂውም በሦስተኛው ክፍል የተመለሰው የእሳቸውን ማብራሪያ ሰዎች ሲያወሩለት ሰምቶ ነው።

ድሬዳዋ ለእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ የተለየ ተመልካች ያላት ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ኑሮዋ ከጅቡቲ በሚመጣና ወደ ጅቡቲ በሚሄድ ዕቃ ላይ የተገነባ ከተማ በመሆኗ፣ ስለ ጉምሩክ፣ ስለ ኬላ፣ ስለ ፍተሻና ስለ ኮንትሮባንድ የማያውቅ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ ሠርቶበታል፣ አንዱ ተወርሶበታል፣ አንዱ ደግሞ ሸቀጡን ከከተማዋ ታይዋን ገበያ ገዝቶ ለብሶታል። በዚህች ከተማ ፊት የኮንትሮባንድ ታሪክ ይዞ የሚቀርብ ደራሲ ሊያውቅ የሚገባው፣ በበረንዳው ላይ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው እንደማይጠፋ ነው። በአማርኛ ድራማዎቻችን የማየው የኮንትሮባንድ ነጋዴ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር መነጽር አድርጎ በስልክ የሚቆጣ ሰው ነው። ዕቃው በምን እንደተጫነ፣ ወረቀቱን ማን እንዳዘጋጀ፣ ሾፌሩ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፣ ተይዞ ሲወረስ ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ አይነገረንም። ጎረቤቶቼ ይህንን ሲያዩ አይቆጡም፤ ዝም ብለው ጣቢያ ይቀይራሉ። ጣቢያ የቀየረ ተመልካች አስተያየት ስለማይጽፍ ቅሬታው ለሠሪዎቹ አይደርሳቸውም።

ሌላው የእውነት ቅሬታ የሚነሳው ስለ ፖሊስና ስለ ፍርድ ቤት ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከጥበብ ጉዳይነት ያልፋል። በእንግሊዝ አይ ቲ ቪ የተባለው ጣቢያ ያቀረበው «ብሮድቸርች» እ.ኤ.አ. በ2013 በባሕር ዳርቻ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የ11 ዓመት ልጅ መገደሉን ተርኮ፣ ገዳዩ የመርማሪዋ የራሷ ባል መሆኑን ገልጾ፣ ሰውየውም አምኖ ተዘጋ። በጃንዋሪ 2015 ሁለተኛው ምዕራፍ ሲከፈት ግን ያው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ «ጥፋተኛ አይደለሁም» አለ። ብዙ ተመልካች ተቆጣ፤ የተዘጋ መዝገብ ለምን ይከፈታል የሚል ነበር ቁጣው። የሕግ ባለሙያዎች ቅሬታ ደግሞ ሌላ ነበር፤ በችሎቱ ሥነ ሥርዓት አቀራረብ ላይ ስሕተቶችን እየነቀሱ አወጡ። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚልቀው ቀጥሎ የሆነው ነው። መርማሪዋ በቁጣ ባሏን በእስር ላይ እያለ ደብድባው ስለነበር የእምነት ቃሉ በማስረጃነት እንዳይቀርብ ተደረገ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ተመልካቹ እሰይ ያለበት ዱላ በሁለተኛው ምዕራፍ ፍትሕን አሰናከለ።

ይህንን ወደ እኛ አምጥተን እንመልከተው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ የጊዜ ቀጠሮ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ አንዱ ቀጠሮ ግን ከ14 ቀን መብለጥ አይችልም። እነዚህ ድንጋጌዎች ለድራማ ደራሲ እንቅፋት አይደሉም፤ ይልቁንም በነጻ የተሰጡት የታሪክ ሞተር ናቸው። 48 ሰዓት እየቆጠረ የሚሮጥ መርማሪ፣ በቀጠሮው ቀን ማስረጃው ያልተሟላለት ዐቃቤ ሕግ፣ ከችሎቱ ደጃፍ ሰዓቷን እያየች የምትጠብቅ እናት፤ ከዚህ በላይ ልብ የሚያንጠለጥል ነገር ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ የሚቀርብልን ግን መርማሪው ተጠርጣሪውን በጥፊ ሲመታ፣ ተጠርጣሪው ሲናዘዝ፣ ሙዚቃው ሲነሳ ነው።

በእኛ ግቢም እንዲህ ያለ ትዕይንት ሲመጣ ይጨበጨባል። ከመካከላችን አንድ የማያጨበጭብ ሰው አለ። በወጣትነቱ ታስሮ፣ በኋላም በነጻ የተለቀቀ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ትዕይንት ሲመጣ የሻይ ብርጭቆውን መሬት ላይ ያስቀምጥና ጣቶቹን ይመለከታል። ስለ ድራማው አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም። እኔ ግን እሱን ካየሁ በኋላ ጭብጨባውን እንደ ተመልካች ፍርድ መቁጠር ትቻለሁ። አንድ ድራማ በአገር ውስጥ ቋንቋ ለሚሊዮኖች ሲቀርብ ዱላን የብልህ መርማሪ መሣሪያ አድርጎ ማሳየቱ፣ ነገ ፖሊስ ጣቢያ የሚቆመው ወጣት ምን እንደሚጠብቀውና ምን እንደሚገባው የሚያስተምር በመሆኑ፣ ጉዳዩን ለመዝናኛ ብቻ ብዬ ላልፈው አልችልም።

ይህ ሁሉ የድራማ ሠሪዎችን ችግር ለመካድ አይደለም። ብዙዎቹ ሥራዎች በስፖንሰር ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ፣ አንዱ ክፍል እየተላለፈ ቀጣዩ የሚቀረጽባቸው በመሆናቸው የመጀመሪያው ምሽት ወቀሳ በቀጥታ ኪሳቸውን ይነካል። አሠራሩ ተመልካቹን ሰምቶ ለማረም ዕድል ይሰጣል፤ አደጋውም ያው ነው። «ቀዘቀዘ» ሲባል በሁለተኛው ሳምንት አንድ ገጸ ባሕርይ ያለ ምክንያት ይገደላል፣ በሦስተኛው አንድ የተረሳ ወንድም ከውጭ አገር ይመጣል። የዕዳ ቅሬታን እንዲህ በጥድፊያ ለማብረድ የሚደረገው ሩጫ ከዚያ የባሰውን የእውነት ቅሬታ ይወልዳል፤ ተመልካቹ «ይህ እንዲህ አይሆንም» ማለት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ መልሶ ማምጣት አይቻልም። እኔ ብጠየቅ ከመክፈቻው ማግስት የሚቆጠረው የወቀሳ ብዛት ሳይሆን ተመልካቹ በየትኛው ትዕይንት ላይ «መልሰው» እንዳለ ቢጠና እመርጣለሁ። ይህን ለማወቅ ደግሞ ስልክ ላይ ከማፍጠጥ ይልቅ ከሰው ጋር በረንዳ ላይ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ስለዚያ ምሽት ሳልናገር የቀረሁት አንድ ነገር አለ። ማሸጊያው የተሰበረው ኮንቴነር ሲከፈት ውስጡ የ13 ሴቶች አስከሬን ይገኛል፤ በሕገ ወጥ መንገድ ሲወሰዱ አየር አጥሯቸው የሞቱ ወጣት ሴቶች ናቸው። ልጁ ትርጉሙን አቆመ፤ የሚተረጎም ነገርም አልነበረም። በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግሮ ወደ የመን የሚወስደውን መንገድ የማያውቅ ሰው በግቢው ውስጥ አልነበረም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ በጭነት መኪና ላይ በነበረ ኮንቴነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው መገኘታቸውም ከማንም አእምሮ አልወጣም። ቅመም የሚነግዱት ጎረቤታችን የእኅታቸው ልጅ በጅቡቲ በኩል ከወጣች ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ጥቂት ቆዩና ልጁን ጠየቁት፦ «የኔ ልጅ፣ ስማቸውን አይናገሩም?»

«ገና ነው እትዬ፣ መጀመሪያው ነው» አላቸው።

በማግስቱ ስለዚያ ክፍል በሰፈሩ የተወራው መዘግየቱ፣ አዲሶቹ ሰዎችና የባጃጅ ነጂው አኳኋን ነበር። የእሳቸውን ጥያቄ ያነሣ አልነበረም። እኛ ግን እስከ መጨረሻው ተመለከትነው። መርማሪው ከውኃ ላይ ያገኛትን፣ ከእነዚያ ሴቶች ጋር የመጣችውን የአንዲቱን ሴት ማንነት ለማወቅ ይደክማል፣ ይጠይቃል፣ ይሳነዋል። ምዕራፉ 12 ክፍሎች አሉት፤ አሥራ ሁለተኛው ሲያልቅም የዚያች ሴት ስም አይታወቅም። እትዬ በየምሽቱ ሥራቸውን ጨርሰው ከበሩ አጠገብ ባለችው አጭር በርጩማ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ የመጨረሻው ክፍል አልቆ ልጁ ፍላሹን ሲነቅል ከተቀመጡበት ሳይነሡ «እንዲያው ሳይሏቸው ቀሩ?» አሉት።